አባ ጎርጎርዮስ፦ አውሮፓን ያስተማሩ ስደተኛ

የምዕራቡ ዓለም ሥነ ጽሑፍ ከምሥራቅ ምን ወሰደ ሲባል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው «አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ነው። አውሮፓውያን ግን ኢትዮጵያንም ከምሥራቅ አገሮች ተርታ ይቆጥሯት ነበር። የእኛስ ድርሻ የት አለ? መልሱ የሚጀምረው ከሮማ ነው።

ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሮማ የሚደርሱ መነኮሳታችን ማረፊያ ነበር። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግእዝን ከእነሱ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን እዚያው ሮማ አሳተመ፤ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሮማ ገባ። ግእዝን ከመጽሐፍ ለቅሟል፤ አስተማሪ ግን አልነበረውም። ያገኛቸው የአምሐራ መካነ ሥላሴ ሰው የሆኑትን አባ ጎርጎርዮስን ነው። አባ ጎርጎርዮስ ካቶሊክ በመሆናቸው፣ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ ከአገር የወጡ ስደተኛ ነበሩ። በ1652 ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ተጋብዘው ቋንቋውን፣ ታሪኩንና የአገሩን ልማድ ለሉዶልፍ አስረዱት። በ1681 የታተመው የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ከእሳቸው አንደበት ብዙ ቀድቷል። በዓመቱ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ።

ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቀው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 «ራሴላስ»ን ሲጽፍ ልዑሉን ያኖረው በአምሐራ ተራሮች መካከል ነው። ጆንሰን አስቀድሞ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሟል፤ ተመራማሪዎች የሉዶልፍንም አሻራ ያዩበታል። ስሙም የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ የመጣ ነው ይላሉ።

አባ ጎርጎርዮስ ይህን ሁሉ አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ውለታቸውን አልደበቀም፤ ስማቸውን ጠቅሶ፣ ምስላቸውን ጭምር አሳትሟል።

እንግዲህ አውሮፓዊው መምህሩን ካልካደ፣ ስማቸውን ለልጆቻችን የመንገር ዕዳ የማን ነው? በስደት ያለን ሁሉ ደግሞ ይህን እናስብ፦ አባ ጎርጎርዮስ ይዘው የወጡት ቋንቋቸውንና ትዝታቸውን ነበር። ያም በቂ ሆኖ ተገኘ።