የቅድመ አያቴ አባት ማን ነበሩ?



ሥራዬ ሒሳብ ነው። በቁጠባና ብድር መዝገባችን ላይ አንዲት ብር ብትጎድል እስክትገኝ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባለፈው ዓመት ግን ስፈልግ የከረምኩት የቅድመ አያቴን አባት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቢቸና አካባቢ በአንድ የዘመድ ተዝካር ላይ ነው። ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው አንድ የሩቅ ዘመዳችን እናቴን፣ «እናንተማ የገረድ ዘር ናችሁ፤ አያትሽ በስማቸው ተጠራች እንጂ ልጃቸው አይደለችም» አሏት። እናቴ መልስ አልሰጠችም፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተነሣች። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፤ ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው መኖሯን የነገረችኝ በመንገድ ላይ ነበር። እኔም በልቤ፣ ሐሜት ከሆነ ይውደቅ፣ እውነት ከሆነም ይታወቅ አልኩ።

ግን የት ይፈለጋል? በአገራችን የልደት ምዝገባ የቅርብ ነገር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ፤ አገር አቀፉ ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት ያለን ቤተ ክርስቲያን ነው። እሱም ቢሆን ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ትነሣለች እንጂ በድሮ ዘመን የገጠር ደብር የክርስትና መዝገብ መያዝ ልማዱ አልነበረም። የሚጻፈው የመሬት ነገር ነው። ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ኑዛዜና ክፍፍል በብራናው ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍር ነበር፤ ወንጌል ላይ የተጻፈን ማንም ደፍሮ አይነካምና። በጎጃም ደግሞ ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ ሴትም ትካፈል ነበር። ስለዚህ የሴት ስም የሚገኘው እዚያው ነው።

የደብሩ ቄሰ ገበዝ ፈቅደው ወንጌሉን ከዕቃ ቤት አወጡልን። አንድ መሪጌታ ገጽ በገጽ እያነበቡልኝ እኔ እጽፍ ነበር። ሁለት ቀን ፈጀብን።

የመጀመሪያው ችግር ስም ነበር። በቤት የምትጠራበትና በክርስትና የምትጠራበት ስም ይለያያል። እቴጌ ምንትዋብን እንኳ ብንወስድ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዙፋን ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር፤ በአንዱ ስም ብቻ የፈለገ ሌላውን ያልፈዋል። የቅድመ አያቴን የክርስትና ስም እናቴ ታውቀው ነበር፤ በፍትሐቷ ጊዜ የተጠራው እሱ ነውና። በዚያ ስም የምትጠራ ልጅ በአንድ የርስት ክፍፍል ጽሑፍ ላይ ተገኘች። ነገር ግን በዚያ ስም የሚጠሩ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ በስም መመሳሰል ሒሳብ አይዘጋም።

ሁለተኛው ዘመኑ ነው። ጽሑፉ ዓመተ ምሕረት አልነበረውም፤ «በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በዘመነ ሉቃስ» ይላል። ንጉሡ ጎጃምን በንጉሥነት የገዙት ከ1873 እስከ 1893 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ዘመነ ሉቃስ ይሆናል፤ ስለዚህ 1875፣ 1879፣ 1883፣ 1887 እና 1891 አሉ። ቅድመ አያቴ የተወለደችው ከ1880 እስከ 1884 የዘለቀው ክፉ ቀን እንዳበቃ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ያ ሦስቱን አስወጣ። አባቷ ደግሞ ታመው የሞቱት የጎጃም ጦር ለዓድዋ ሳይዘምት ነው ይባላል፤ ዘመቻው በ1888 ነው። የቀረው 1887 ብቻ ሆነ። ልጅቷ ያኔ የሁለት ዓመት ገደማ ነበረች ማለት ነው።

ሦስተኛው የጽሑፉ ታማኝነት ነው። መሪጌታው ሌላ ገጽ ላይ የቀድሞው ስም ተፍቆ በቦታው ሌላ የተጻፈበትን አሳዩኝ፤ እዚያ ብራናው ሳስቷል፣ ቀለሙም ይለያል። የእኛን በብርሃን አየነው፤ ስርዝ ድልዝ የለውም፤ ቀለሙም ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ወሰኑም ከወንዙ እስከ ዋንዛው ይላል። ዋንዛው ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ማሳው ግን ዛሬም «ዋንዛው ሥር» ይባላል፤ ቅድመ አያቴ ያረሰችውም እሱኑ ነው።

ጽሑፉ የሚለው ይህን ነው፦ ሰውየው ታመው ሳሉ በካህናትና በሽማግሌዎች ፊት ይህች ልጅ ልጄ ናት ብለው ከወንድሞቿ እኩል ድርሻ ሰጧት። እናቷም በስሟ ተጠርታለች፤ የቤታቸው አገልጋይ ነበረች።

ዘመዳችን እንግዲህ ግማሹን ልክ ነበሩ። ገረድ መሆኗ እውነት ነው፤ ልጅነቷ ግን በወንጌል ላይ ሰፍሯል። ቤተሰቡ ሲሸሽገው የኖረውን ነገር አባትየው በአደባባይ ተናግረውት ነበር።

ለእናቴ ሳነብላት ስለ አባትየው ብዙም አልጠየቀችኝም። «እናቲቱም በስሟ ተጽፋለች?» አለችኝ። አዎ ስላት ያንን መስመር ደግሜ እንዳነብላት ለመነችኝ።

ርስት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቀርቷል፤ የምንካፈለው መሬት የለም። ይህን የጻፍኩት በመካከላችን ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ስላሉ ነው። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ አንድ ሰው በዘመድና በማኅበረሰቡ ዘንድ እንደ ልጅ መታየቱን በማስረጃነት ይቀበላል፤ ምስክር ግን ያልፋል፣ ይረሳል። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እናስመዝግብ። አባት ልጄ ነው ካለም ቃሉ በወረቀት ይስፈር። ቅድመ አያቴን ከ120 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ከሐሜት ያወጣት አንድ ሰው ብዕር ማንሣቱ ነው።