ስኮላርሺፕ በአኩፋዳ

ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት በር ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ሲሰማ ወሬ ይቋረጥ ነበር። አያቴ መሶቧን ከፍታ ቁራሽ ይዛ ትወጣለች። እኔ ደግሞ ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ የቆመውን ልጅ በመስኮት አየዋለሁ። ያኔ ለማኝ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ልጁ ስኮላርሺፑን እየተቀበለ ነው!

አትሳቁ፤ የምሬን ነው። የቆሎ ተማሪ ዜማ ሊማር ከወላጆቹ ርቆ ይሄዳል። የኔታ ያስተምሩታል፣ መንደሩ ያበላዋል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከትውልድ ትውልድ የተሻገረው በየደጁ በተሰጠ ቁራሽ ጭምር ነው። ሰጪዋ የተማሪውን ስም አትጠይቅም፣ ውጤቱንም አታይም።

በቤተ መንግሥት በኩል የነበረው እርዳታ ግን ሌላ መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በሙዚቃ ተቀበሏቸው። ራስ ተፈሪም አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የአገሪቱን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የአንድ ሰው «እሺ» የአርባ ወላጅ አልባ ልጆችን ዕድል ቀየረ፤ ለእኛም የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ሰጠን።

ግን እሺ የሚል ሰው እምቢም ማለት ይችላል። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ የውብዳር በ1923 ተወለደች። በስድስት ዓመቷ ከእህቷ ጋር ስዊዘርላንድ ተልካ ቫዮሊን ተማረች። ጣሊያን አገሪቱን ሲወር ቤተሰቡ ተግዞ አሲናራ ደሴት ታሰረ። ከዚያ በኋላ ካይሮ ሄዳ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማረች። ቀጥሎ ለንደን ሄዳ ሙዚቃ የመማር ዕድል መጣላት። ዕድሉ ነበር፣ ችሎታው ነበር፤ ፈቃዱ ግን ተከለከለ። የውብዳር ምግብ እስከ መተው አዘነች፣ ታመመችም። በኋላም ግሸን ማርያም ገብታ መነኮሰች። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የምንላቸው እሳቸውን ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ «አይ አለመታደል!» ብለን እናልፈው ነበር። አላለቀም። እማሆይ በ1960ዎቹ ጎንደር ሄደው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። ዜማ ሊማሩ መጥተው እየለመኑ የሚበሉ፣ ሜዳ ላይ የሚያድሩ ልጆች ነበሩ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፒያኖ ነው። ስለዚህ ጀርመን አገር ሸክላ አስቀረጹ፣ ገቢውንም ለችግረኛ ልጆች አዋሉት። በ2006 ሥራዎቻቸው በኢትዮፒክስ ተከታታይ 21ኛ አልበም ሲወጡ ዓለም ገና «አገኘናቸው» አለ። በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽን ልጆች ሙዚቃ እንዲማሩ ለመርዳት የቆመ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የተከለከሉትን ነገር ለሌላ መስጠታቸው ነው። «እኔም አላገኘሁ፣ እነሱም ይቅርባቸው» ማለት ይችሉ ነበር። እኛ እንደዚያ እንል የለ? የምናውቀው ሰው ስኮላርሺፕ ሲያገኝ «በማን በኩል ነው?» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች ነን። ጥያቄው መሠረት የለውም አልልም፤ ዕድል በአንድ ሰው እሺታ ሲንጠለጠል ሁሉም የሚያየው ያንን ሰው ነው። አርባዎቹን ያነሳው እጅ ይመስገን፤ ግን የእጁ ባለቤት ሐሳቡን ቢቀይርስ?

ለዚህ ነው የአያቴ መሶብ የሚበልጥብኝ። እሷ እንኳ ባትኖር ጎረቤቷ ትሰጣለች፣ የዚያኛው መንደር ይሰጣል። ተማሪው የአንድ ሰው ባለዕዳ አይሆንም። ዛሬ ጊታር ተሸክሞ፣ ወይም ክራሩን በፌስታል ጠቅልሎ ታክሲ የሚጠብቅ ልጅ ስታዩ አኩፋዳውን ለማየት ሞክሩ። ቁራሽ ከእናንተም ቤት አይጠፋም።