ጊያ፦ ደሴታቸውን የገዙ ተከራዮች

ጊያ በምዕራብ ስኮትላንድ፣ ከኪንታይር ባሕረ ገብ መሬት የሃያ ደቂቃ የመርከብ ጉዞ ብቻ የምትርቅ ትንሽ ደሴት ናት። እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ድረስ መሬቱም፣ ሆቴሉም፣ አብዛኛው የመኖሪያ ቤትም የአንድ ባለርስት ንብረት ነበር። ደሴቲቱ በተሸጠች ቁጥር ነዋሪው ከሚኖርበት ቤት ጋር ወደ አዲስ ጌታ ይተላለፍ ነበር። ይህን መሰሉ ባለርስትነት በኢትዮጵያ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያከተመ በመሆኑ፣ በአውሮፓ እስከ 21ኛው ክፍለ ዘመን መዝለቁ የአማርኛ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም።

የጉዳቱ ምልክት ቤቶቹ ላይ ይታይ ነበር። ከኪራይ ቤቶቹ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ሕግ ለመኖሪያ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ደረጃ በታች ነበሩ፤ ግድግዳቸው እርጥበት የጠጣ፣ ጣሪያቸው የአትላንቲክን ነፋስ የማይመልስ። ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። ከኪራዩ የሚገኘው ገቢ አነስተኛ ስለሆነ ባለርስቱ ለጥገና አይቸኩልም፤ ተከራዩም ነገ ማን እንደሚገዛው በማያውቀው ቤት ላይ ጥሪቱን አያፈስም። ወጣቱ ወደ ዋናው ምድር ይሄዳል። የነዋሪው ቁጥር እያነሰ የሄደው በዚህ መንገድ ነው።

ደሴቲቱ በ2001 ለሽያጭ ስትቀርብ ነዋሪዎቹ መጀመሪያ አመነቱ፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ድፍረት የሰጣቸው የኤግ ደሴት ምሳሌ ነው። የኤግ ነዋሪዎች በ1997 ከሃይላንድ አውራጃ ምክር ቤትና ከስኮትላንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር ጋር ተጣምረው መሬታቸውን በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝተው ነበር። ጊያም መጋቢት 15 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የነዋሪዎቿ ሆነች። ከዋጋው አብዛኛውን የሸፈነው የስኮትላንድ የመሬት ፈንድ ሲሆን፣ 1 ሚሊዮኑ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የሚመለስ ብድር ነበር። ባለርስቶቹ ይኖሩበት የነበረው የአካሞር ቤት ተሸጠ፣ መዋጮ ተሰበሰበ፣ ብድሩም በቀጠሮው ተከፈለ።

ከባዱ ሥራ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ደሴቲቱን በነዋሪዎቹ ስም የሚያስተዳድረው ባለአደራ ድርጅት መሬት አቀረበ፤ ፋይን ሆምስ የተባለው የቤቶች ማኅበር 18 አዳዲስ ቤቶች ሠራ። አሮጌዎቹን ቤቶች ማን ያድሳቸው? በ2004 መጨረሻ ሦስት ያገለገሉ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተተከሉ። ስማቸው በጌሊክ ቋንቋ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ነው። የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ ለብሔራዊው መረብ እንዲሸጥ፣ ትርፉም ለቤት እድሳት እንዲውል ተወሰነ። ከዚህ ሁሉ ብልሃት ይበልጥ ሊጠና የሚገባው ይህ ነው፤ የድሃውን ኪራይ ሳያንሩ የጥገና ገንዘብ ማግኘት የማኅበራዊ ቤቶች ሁሉ ፈተና ነውና።

ውጤቱ በሕዝብ ቆጠራ ተመዘገበ። በ2001 110 የነበረው ነዋሪ በ2011 163 ደረሰ።

ይሁን እንጂ የነፋሱ ገቢ ለዓመታት የተከማቸውን ጉድለት ብቻውን ሊሸፍን አልቻለም። እድሳቱ ከታሰበው በላይ ገንዘብ በላ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ባለአደራ ድርጅቱ ከ2 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ተሸክሞ ተገኘ። ስለ አመራሩም በነዋሪዎች መካከል መራር ክርክር ተነሣ። ይህን የመሬት ግዢው ስሕተት ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግን ፍትሐዊ አይደለም። የዕዳው ሥር ቀደምት ባለቤቶች ያላደሷቸው ቤቶች ናቸው፤ ነዋሪዎቹ ከርስቱ ጋር የወረሱት የሌሎችን ቸልተኝነት ነው። ጉድለቱ የሕዝብ ገንዘቡ አመዳደብ ላይ ነበር፤ ለመሬቱ ሲከፈል በዚያው ዕለት ለጥገናውም በጀት ሊያዝ ይገባ ነበር።