ሄንሪ ረሳ፣ እጁ አልረሳም

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል ወጣት ነበር። የሚጥል በሽታ ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞታል። መድኃኒቱን ቢወስድ ቢወስድ አልለቀው አለ፤ ሥራ መሥራት እንኳ አቃተው። እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ሐርትፎርድ ከተማ ውስጥ ለቀዶ ሐኪሙ ለዊልያም ስኮቪል ራሱን ሰጠ። ስኮቪልም ከዓይኖቹ በላይ ግንባሩን በስቶ፣ በግራም በቀኝም ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ከነአካባቢው መጥጦ አወጣ። ያን ጊዜ የዚያን ክፍል ሥራ በውል የሚያውቅ አልነበረም። ሥራው ያልታወቀን ነገር ከሰው ጭንቅላት ማውጣት! ብቻ ተደረገ።

በሽታውስ ቀለል አለለት። ሌላ ጉድ ግን መጣ። የሚያስታምሙትን ሰዎች አያውቃቸውም፤ የሆስፒታሉ መጸዳጃ ቤት ወዴት እንደሆነ ይጠፋዋል። ምሳውን በልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ፣ ምን እንደበላ ይቅርና መብላቱንም ረስቶታል። ሞኝ ሆኖ እንዳይመስላችሁ! የአእምሮ ፈተናው ውጤት ከቀዶ ሕክምናው በፊት 104 ነበር፤ በኋላ 112 ሆነ። የልጅነቱንም ነገር ያወራል።

ከካናዳ፣ ከሞንትሪያል፣ ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ ልታየው ትመላለስ ጀመር። በመጣች ቁጥር እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላታል። አንድ ጊዜ በድርብ መስመር የተሣለ ኮከብ ሰጠችው፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል በእርሳስ ይዙር። ግን እጁንም ወረቀቱንም የሚያየው በመስታወት ብቻ ነው። ሞክሩት፤ ወደ ላይ ያላችሁት እጅ ወደ ታች ይወርድባችኋል። ሄንሪም መጀመሪያ መስመሩን እየሳተ ተንገላታ። ለሦስት ቀን ደጋገመው፤ ስህተቱ እያነሰ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሥራውን ከዚህ በፊት አይቶት እንደማያውቅ ሰው ጀመረና፣ እንዲህ መቅለሉ ራሱን አስደነቀው።

እንግዲህ ውሎን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል አንድ፣ የእጅን ልማድ የሚይዘው ሌላ መሆኑ እዚህ ላይ ተገለጠ። ልማዱን የሚይዙት በአንጎል ጥልቀት ያለው ባዛል ጋንግሊያና ከኋላ ያለው ንዑስ አንጎል ናቸው። ባዛል ጋንግሊያን በሚያጠቃው በፓርኪንሰን በሽታ ነገሩ ይገለበጣል፦ በሽተኛው ትናንት ማን እንደጠየቀው ይነግራችኋል፤ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ግን ያታግለዋል፤ በድግግሞሽ የሚለመድ አዲስ ነገርም ቶሎ አይገባለትም።

ሄንሪም ቢሆን እንቅስቃሴው ደህና አልነበረም። ለዓመታት የዋጠው መድኃኒት ንዑስ አንጎሉን አመንምኖት ነበርና አካሄዱ ዘገምተኛ ነበር። እንዲህ በተጎዳ አካል መማሩ እኔን ይገርመኛል።

ስኮቪል ያደረሰውን ጉዳት ካየ በኋላ ሌሎች ሐኪሞች እንዳይደግሙት አስጠነቀቀ። ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ82 ዓመቱ ሞተ። በማግስቱ ዓመት ሳንዲያጎ ውስጥ አንጎሉ ቀዝቅዞ በ53 ሰዓት 2,401 ስስ ቁራጭ ሆነ፤ ዓለምም በኢንተርኔት አየው። ያኔ የኤምአርአይ ምስል ቀድሞ ያሳየው ነገር ተረጋገጠ፦ ስኮቪል ያወጣው ካሰበው ያነሰ ነበር፤ የሂፖካምፐሱ የኋላ ክፍል እዚያው ቀርቷል። ከቀሪው አንጎል መልእክት ያደርስለት የነበረው አጎራባች ክፍል ግን ከሞላ ጎደል ተወስዷል፤ ስለዚህ የተረፈው ሥራ ፈት ሆኖ 55 ዓመት የከረመ ይመስላል።