የቻይና መንገድ፣ የእንግሊዝ ሻይ

«ሻይ» የምትለዋ ቃላችን ቻይናዊት ናት። ቻይናዎቹ «ቻ» ይሏታል። በየብስ ወደ ምዕራብ ስትጓዝ ፋርሶች «ቻይ» አሏት፣ ዐረቦች «ሻይ» አሏት፣ ከዐረቦቹ ቀይ ባሕርን ተሻግራ እኛ ዘንድ ደረሰች። በመርከብ የሄደችው እኅቷ ግን በፉጂያን ሰዎች አነጋገር «ቴ» ነበረች፤ የሆላንድ ነጋዴዎች ይዘዋት ሄዱና እንግሊዙ «ቲ»፣ ጣሊያኑ «ቴ» ብሎ ቀረ። እንግዲህ ስሙን ያገኘነው በቀጥተኛው መንገድ ነው ማለት ነው። ቅጠሉ ግን በሌላ በር ነው የገባው።

እንግሊዞች ለቻይና ሻይ የሚከፍሉት ብር ቢያንገበግባቸው ኦፒየም መሸጥ ጀመሩ። ቻይና እምቢ ስትል እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 ወጓት። ያም አልበቃቸውም። እ.ኤ.አ. በ1848 ሮበርት ፎርቹን የሚባል ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ባለሙያ ግንባሩን ተላጭቶ፣ ከኋላ ሹሩባ አስቀጥሎ፣ ቻይናዊ መስሎ ገባና ችግኙንም ዘሩንም ባለሙያዎቹንም ወደ ሕንድ አሻገረ። ሕንድ ላይ ሻይ የፋብሪካ ዕቃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ ቅጠሉን የሚያደቅ፣ የሚቦጫጭቅና የሚጠቀልል መኪና ተፈለሰፈ። ከሱቅ የምንገዛው ባሩድ የመሰለ ጥቁር ደቃቅ የዚያ መኪና ልጅ ነው፤ ቶሎ ይጠቁራል፣ ስኳርና ወተት ይችላል፣ ጊዜ አይፈልግም።

ወደ እኛ የመጣው ይኸኛው ነው። ተክሉ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ገባ። ያኔ ጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት። ዛሬ «ጉማሮ» እያልን የምንጠጣው የዚያ አገር ቅጠል ነው፤ ውሽውሽ ደግሞ በኋላ ከፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ ተተከለ። በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር ነገሩ ተሟላ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ እኛ ሻይ የምንለው አብዛኛው ስኳር ነው።

ቡና ቤታችን የገባው ታግሎ ነው። የደጋው ክርስቲያን «የእስላም ነው» እያለ እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲሸሸው ኖሮ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ የላላው። ታግሎ የገባ እንግዳ ደግሞ ወንበር ይሰጠዋል። ቄጠማው፣ ዕጣኑ፣ ረከቦቱ ሁሉ ወንበሩ ነው። ሻይን ማንም አልተቃወመውም፤ ስለዚህም ይመስለኛል ማንም ወንበር ያልሰጠው። ቁርስ ማወራረጃ ሆኖ ቀረ። ደግ ለዋለልን ሰው ሳንቲም ስናስጨብጥ እንኳ «ለሻይ ትሁንህ» ነው የምንለው፤ ለቡና አንልም፤ ቡናማ ያስቀምጣል።

በተለይ ሻይ ቤት የመንገድ ልጅ ነው። ጎብዬን ተመልከቱ። ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ፣ ሮቢት ሳይደረስ፣ አስፋልቱ ዳር ላይ ናት። (ጎብዬን የማያውቋት የግብርና ሰዎች እንኳ ስሟን ያውቁታል። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለገበሬው ሲለቀቅ አንዱ ዝርያ «ጎብዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ተብሏል። ከዚያ ሥራ ጀርባ ያሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተውበታል።) ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የዘረጋው አውራ ጎዳና የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው። በዚህ መስመር ሻይ የሚጠጣው ግማሽ ተቀምጦ ነው። ሾፌሩ ክላክስ እስኪነፋ ድረስ፣ ብርጭቆው ጣት እያቃጠለ፣ ፉት ፉት ተደርጎ ይኬዳል። ጎረቤት የሚጠራው ግን ለቡና ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ አይደለም። የሚገርመኝ ሻይን የፈጠረው ሕዝብ ራሱ ወሎ ድረስ መጥቶ ከርሞ መሄዱ ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ኢትዮጵያ ከቻይና ጋር ግንኙነት የጀመረችው በ1963 ዓ.ም. ነው። በ1964 መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤይጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ከዚያ ወዳጅነት ከተወለዱት ሥራዎች አንዱ ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ቻይናዎቹ ግን ገደሉን እየፈለፈሉ ሥራቸውን ቀጥለው በ1970ዎቹ አጋማሽ ጨረሱት። ዛሬም ብዙ ሰው «የቻይና መንገድ» ነው የሚለው። ሁለተኛው የባቡሩ ነው። ከሐራ ገበያ ተነሥቶ በራያ ሜዳ መቀሌ ይደርሳል የተባለውን ሐዲድ የቻይና ኩባንያ ይዞት በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2013 ጦርነቱ ሲነሣ ሥራው ቆመ። ቆቦና አካባቢዋም በዚያው ዓመት ክረምትና እንደገና በ2014 ነሐሴ የጦር ሜዳ ሆኑ።

ታዲያ በሁለቱም ጊዜ ቻይናዊው ሠራተኛ ከእጁ የማይለየው ነገር ነበረው፤ ክዳኗ የሚጠመዘዝ ጠርሙስ። ውስጧ ቅጠል ይዋኛል። ጎደለች ሲባል ከፔርሙዝ ሙቅ ውኃ ይጨመርባታል፤ ቅጠሉ ሳይቀየር እስከ ማታ። የእኛ ሰው በሩቁ እያየ «የጎመን ውኃ» ይለው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። በዚህኛው ወገን ደግሞ ጀበናው ይወጣል፣ አቦሉ ይቀዳል። ካምፑ አጥር ነበረው፣ ቋንቋም አጥር ነው። አንዱ የሌላውን ሳይቀምስ መንገዱ አለቀ። ባቡሩማ ሳያልቅም ቀረ። ሁለቱ ወገኖች አብረው ቢቀመጡ ኖሮ ግን የሚግባቡበት ነገር ሞልቶ ነበር። እንዴት? አሠራሩን እንየው።

አረንጓዴውም ጥቁሩም ሻይ የአንድ ተክል ቅጠል ነው። ልዩነቱ ከተቀጠፈ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው የሚመጣው። ለጥቁሩ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይታሻል፣ አየር አግኝቶ እንዲጠቁር ይተዋል። ለአረንጓዴው ግን ቶሎ እሳት ያገኛል፤ ማጥቆሩ ይቆማል። ስመ ጥሩው የሃንግዡ «ሎንግጂንግ» የሚዘጋጀው በጋለ ብረት ምጣድ ላይ በባዶ እጅ እየተገለበጠና እየተጫነ ነው። ምርጡ በፈረንጆቹ ሚያዝያ መጀመሪያ ከሚውለው የቺንግሚንግ በዓል በፊት የሚለቀመው ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እምቡጥ ይፈልጋል። ምጣድ፣ እሳት፣ የማይሰለች እጅ፤ ይሄ ለእናቶቻችን አዲስ ነገር ነው?

በስምንተኛው መቶ ዓመት ስለ ሻይ መጽሐፍ የጻፈው ሉ ዩም ቢሆን ወሎ ቢመጣ ባይተዋር አይሆንም ነበር። ለሻይ የተራራ ምንጭ ይሻላል፣ ወንዝ ይከተላል፣ የጉድጓድ ውኃ መጨረሻ ነው ይላል። ሻዩ ላይ ጨው ጣል ያደርግ ነበር፤ የወሎ ገጠር ቡናን በጨው ቢያቀርቡለት አይደነግጥም። በቀረፋና በቅርንፉድ ሻያችን ግን ይቀየመናል፤ ዝንጅብልና ቅመም የሚጨምሩትን የቦይ እጣቢ ጠጪዎች ብሎ ነው የሰደባቸው።

አንድ ጥር ላይ ሃንግዡ የተማረ ወዳጄ የሰጠኝን ሎንግጂንግ ይዤ ወደ ቆቦ ስወርድ ጎብዬ ላይ ቆምን። የሻይ ቤቷን ባለቤት የፈላ ውኃ ብቻ ብላቸው አዘኑልኝ።

«ምነው ጋሼ፣ አሞዎት ነው?»

«አላመመኝም እትዬ፣ ቅጠሉን ይዣለሁ።»

ውኃው ሲመጣ ቀድቼ ዝም ብዬ ስጠብቅ ሾፌሩ ተቁነጠነጠ። ቅጠሉን ስጨምር ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «የሽምብራ እሸት ጥብስ ይሸታል!» አሉ። ከዚህ የተሻለ መግለጫ የትም አላነበብኩም። ስኳር ይዘው መጥተው ነበር፤ ቀምሰው መለሱት። ሦስተኛውን ውኃ የጨመሩት ራሳቸው ናቸው፤ «ይቺ እንግዲህ በረካዋ ናት» ብለው። ልዩነቱ፣ ቡናችን ከአቦል ወደ በረካ ሲወርድ እየቀጠነ ምርቃቱ ነው የሚወፍር፤ በቻይናዎቹ ሻይ ግን ሁለተኛው ውኃ ከመጀመሪያው ይበልጣል የሚሉ ብዙ ናቸው። ቅጠሉ ገና ነዋ የነቃው።

አዲስ አበባ ውስጥ አረንጓዴ ሻይ በከረጢት ታስሮ ለውፍረት መቀነሻ ይሸጣል። ሰው እንደ ኮሶ ፊቱን አጨማዶ ነው የሚጠጣው። መራራነቱ ግን የቅጠሉ ጥፋት አይደለም፤ የፈላ ውኃ ነው የሚያመርረው። የጎብዬና የቆቦ ሰው በዚህ ረገድ ትንሽ ታድሏል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ92። ለአረንጓዴ ሻይ የሚፈለገው ግን 80 ያህል ነው። ስለዚህ በራዱን ከከሰሉ አውርዱና ትንሽ አውሩ። ለአንድ ብርጭቆ በሦስት ጣት ቆንጠር ያለ ቅጠል ይበቃል። በጭቃ ሸክላ ሳይሆን በጠራ ብርጭቆ ይሁን፤ ግማሹ ደስታ የዓይን ነው። ውኃችሁ በራድ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ የታሸገ ውኃ ግዙ፤ ጨዋማ ውኃ የዚህን ቅጠል ጣዕም ይገድላል። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ጠጡ፤ ግን አትጨርሱት። ቻይናዎቹ ሲሦውን «ሥሩ» ብለው ይተዉና በላዩ አዲስ ውኃ ያፈሳሉ። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ምጣድ ላይ ተጨፍልቆ የነበረው ቅጠል ተዘርግቶ፣ ከብርጭቆው ሥር ቀጥ ብሎ ቆሞ ታዩታላችሁ፤ አንድ እምቡጥና አንድ ሁለት ቅጠል፣ ልክ ሲቀጠፍ እንደነበረው።