ከሸማኔው ሳሙኤል እስከ ፕሬዚዳንቱ አብርሃም

እ.ኤ.አ. በ1848 ሰሎሞን ሊንከን የተባለ ሰው በዋሽንግተን ለሚገኝ አንድ የምክር ቤት አባል ደብዳቤ ላከ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰሎሞን በማሳቹሴትስ የሂንግሃም ከተማ ነዋሪና የከተማዋን ታሪክ የጻፈ ሰው ነበር። ደብዳቤው የተላከለት ደግሞ ያን ጊዜ ገና ፕሬዚዳንት ያልሆነው አብርሃም ሊንከን ነው። የቤተሰብ ስማቸው አንድ በመሆኑ ሰሎሞን ስለ ትውልድ ሐረጉ ጠየቀው።

አብርሃም በማርች ወር በአጭሩ መለሰለት። አባቱ ቶማስ፣ አያቱ ደግሞ እንደ እርሱ አብርሃም እንደሚባል ጻፈ። አያቱ ከቨርጂኒያ ወደ ኬንታኪ እንደሄደና እዚያ በነባር ነገዶች ተዋጊዎች እንደተገደለ ያውቃል። ቅድመ አያቱ ከፔንሲልቬንያ እንደመጣና ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ማኅበር እንደነበረ በቤተሰቡ ሲወራ ሰምቷል። ከዚያ ወደ ላይ ግን የሰማው ነገር የለም። በመጨረሻ አንድ ፍንጭ ጨመረ፤ በቤተሰቡ ውስጥ አብርሃምና መርዶክዮስ የሚሉት ስሞች ይደጋገማሉ።

ደብዳቤው የመጣባት ሂንግሃም የአብርሃም የቀድሞ አባቶች ከተማ ነበረች። እርሱ ግን ይህን በእርግጠኝነት ሳያውቅ ሞተ። በ1859 ስለ ሕይወቱ ባጭሩ ሲጽፍ እንኳ ቤተሰቡን ከኒው ኢንግላንድ ሊንከኖች ጋር ለማገናኘት የተደረገው ጥረት ከስም መመሳሰል እንዳላለፈ ገልጿል። ታዲያ ሐረጉ የት ተበጠሰ? በኋላስ እንዴት ተገኘ?

ሐረጉ የተበጠሰበት ቀን

በ1786 የፕሬዚዳንቱ አያት ካፒቴን አብርሃም ሊንከን በኬንታኪ ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ጋር እርሻ ላይ ሳለ ድንገት ተተኮሰበትና ሞተ። የበኩር ልጁ መርዶክዮስ ወደ ቤት ሮጦ መሣሪያ አነሣ፤ ሁለተኛው ኢዮስያስ እርዳታ ለመጥራት ወደ ምሽጉ ሮጠ። ትንሹ ቶማስ ከአባቱ ሬሳ አጠገብ ቀረ። ቶማስ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ገደማ ነበር።

ይህ ልጅ ነው የፕሬዚዳንቱ አባት የሆነው። እየተዘዋወረ በጉልበት ሥራ አደገ፤ ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኘም፤ ካደገም በኋላ ከስሙ በቀር የሚጽፈው እምብዛም አልነበረም። አባት ልጁን ሳያሳድግ ሲሞት ስለ አያት የሚተርከው አፍም አብሮ ይዘጋል። ቶማስ ያልሰማውን ለልጁ ሊነግረው አይችልም ነበር።

ወደ ኋላ መራመድ

የትውልድ ሐረግ የሚያጠና ሰው ከታወቀው ይነሣና አንድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከታላቅ ሰው ጀምሮ ወደ ራሱ መውረድ አይፈቀድለትም፤ እንዲያ ያደረገ ሰው የፈለገውን ንጉሥ አያቱ ማድረግ አያቅተውም። ከልጅ ወደ አባት በተሻገረ ቁጥር ማስረጃ ይጠየቃል፤ የጥምቀት መዝገብ፣ የጋብቻ ውል፣ ኑዛዜ ወይም የመሬት ሽያጭ ሰነድ።

እንግሊዞች እንደ እኛ በአባት ስም አይጠሩም፤ የቤተሰብ ስም ሳይለወጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ይህ ለአጥኚው ሥራውን የሚያቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ያሳስታልም። በሂንግሃም በአንድ ዘመን አራት ቶማስ ሊንከኖች ይኖሩ ነበር። ጎረቤቶቻቸው የሚለዩዋቸው በሥራቸው ነው፤ ሸማኔው ቶማስ፣ ባለ ወፍጮው ቶማስ፣ በርሜል ሠሪው ቶማስ፣ ገበሬው ቶማስ እያሉ። ሴቶች ደግሞ ሲያገቡ የቤተሰብ ስማቸውን ስለሚለውጡ የእናት ወገን ሐረግ ቶሎ ይጠፋል።

በዚህ መንገድ አጥኚዎች ከኬንታኪ ተነሥተው ወደ ቨርጂኒያ ተመለሱ። የካፒቴን አብርሃም አባት ጆን ሊንከን በ1768 ገደማ ዛሬ ሮኪንግሃም ወደሚባለው የቨርጂኒያ አውራጃ የመጣ ሰው ነው። የመጣውም ከፔንሲልቬንያ ነበር። ስለዚህ በቤተሰቡ ይወራ የነበረው ቃል በዚህ ረገድ እውነት ሆኖ ተገኘ።

በፔንሲልቬንያ የጆን አባት መርዶክዮስ ሊንከን ተገኘ። እርሱ በ1733 የሠራው የድንጋይ ቤት በበርክስ አውራጃ እስከ ዛሬ አለ። መርዶክዮስ በ1736 ሲሞት ለልጁ ለጆን በኒው ጀርሲ የሚገኝ 300 ኤከር መሬት ተናዘዘለት። ይህ ኑዛዜ አባትና ልጅን ከማስተሳሰሩም በላይ ቤተሰቡ ከፔንሲልቬንያ በፊት በኒው ጀርሲ እንደኖረ ጠቆመ። ከኒው ጀርሲ ደግሞ መንገዱ ወደ ማሳቹሴትስ ወሰደ፤ ምክንያቱም ይህ መርዶክዮስ የሌላ መርዶክዮስ ልጅ ነበር። አባትየው በ1657 በሂንግሃም የተወለደ ቀጥቃጭ ሲሆን በ1727 ሞቷል። የእርሱ አባት ሳሙኤል ሊንከን ነው፤ ባሕር የተሻገረውም እርሱ ነው። ከፕሬዚዳንቱ ጀምረን ብንቆጥር ሰባተኛው ቤት ላይ እንደርሳለን።

የመርከቡ ዝርዝርና የጥምቀቱ መዝገብ

በ1637 «ጆን ኤንድ ዶሮቲ» የተባለ መርከብ ከእንግሊዝ ያርመዝ ወደብ ሲነሣ የተሳፋሪዎች ስም ተመዘገበ። በዝርዝሩ ውስጥ ፍራንሲስ ሎውስ የተባለ የኖርዊች ሸማኔ፣ ሚስቱ፣ ልጁና ሁለት አገልጋዮቹ ይገኛሉ። ከአገልጋዮቹ አንዱ ሳሙኤል ነው። የቤተሰብ ስሙ «ሊንኮርን» ተብሎ ተጽፏል፤ ዕድሜው 18 ነው ይላል።

በኖርፎክ ግዛት የምትገኘው የእንግሊዟ ሂንግሃም የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ግን ሳሙኤል ኦገስት 24 ቀን 1622 እንደተጠመቀ ይናገራል። ሕፃናት እንደተወለዱ በሚጠመቁበት አገር ይህ ልጅ ሲሳፈር ገና 14 ዓመቱ መሆን ነበረበት። ዕድሜውን ከፍ አድርጎ ተናግሮ ይሆን? ወይስ ጥምቀቱ ዘግይቶ ነበር? ጥሩ አጥኚ ከሁለቱ ሰነዶች አንዱን ደብቆ ታሪኩን አያሳምርም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

ያ የጥምቀት መዝገብ ራሱ የሚነገር ታሪክ አለው። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል በእንግሊዝ ያለ እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። ቄሱ በየእሑዱ ይጽፋል፤ መዝገቡም ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል። የአንድ ሸማኔ አገልጋይ ስም ሦስት መቶ ዓመት ሊቆይ የቻለው በዚህ ሥርዓት ነው።

ሳሙኤል በሄደበት ዘመን ከኖርፎክ ብዙ ሰው ይሰደድ ነበር። የኖርዊቹ ጳጳስ ማቲው ሬን በፒዩሪታኖች ላይ ጫና አበዛ። የሂንግሃም አጥቢያ ቄስ የነበረው ሮበርት ፔክ ራሱ በ1638 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ቀድመው የሄዱት የመንደሩ ሰዎች አዲሲቱን ከተማቸውን በ1635 ሂንግሃም ብለው ሰይመዋት ነበር። ሳሙኤልም ወንድሙ ቶማስ ወዳለባት ወደዚህች ከተማ መጥቶ ኖረ፤ አሥራ አንድ ልጆች ወለደ፤ በ1690 ሞተ። ለልጆቻቸው ከብሉይ ኪዳን ስም ማውጣት የፒዩሪታኖች ልማድ ነበር። መርዶክዮስና አብርሃም የሚሉት ስሞች ከአባት ወደ ልጅ እየተሻገሩ ኬንታኪ ድረስ የዘለቁት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ሰባኪ የጻፈው መስመር

መዝገብ ሐረግ ከመቁጠር ያለፈ ጥቅምም አለው። የፕሬዚዳንቱ ወላጆች በሕግ የተጋቡ አይደሉም የሚል ሐሜት ለረጅም ጊዜ ሲናፈስ ኖሯል። ማስረጃው ባልና ሚስቱ በኖሩበት በሃርዲን አውራጃ ተፈለገና ጠፋ። ሊንከን ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ ሰነዱ በሌላ አውራጃ፣ በኬንታኪዋ ዋሽንግተን ተገኘ። ጄሲ ሄድ የተባለ የሜቶዲስት ሰባኪ ያጋባቸውን ሰዎች ዘርዝሮ ለመንግሥት ያስረከበው ወረቀት ነው። ቶማስ ሊንከንና ናንሲ ሃንክስ ጁን 12 ቀን 1806 ተጋብተዋል ይላል። የአንዲት እናት ስም በአንድ መስመር ጽሑፍ ነጻ ወጣ።

በዚያው ዘመን የነበሩ ሌሎች መዛግብት ግን የሚያሳዝን ነገር ይናገራሉ። ከሊንከን ዘመዶች መካከል እንኳ በባርነት የተያዙ ሰዎች የነበሯቸው ነበሩ። በ1850 እና በ1860 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በባርነት ያሉ ሰዎች በአብዛኛው የተመዘገቡት በጌታቸው ስም ሥር፣ በዕድሜና በጾታ ብቻ ነው። የራሳቸው ስም አልተጻፈም። ስለዚህ የዛሬ ልጆቻቸው ሐረጋቸውን ወደ ኋላ ሲከተሉ ብዙዎቹ 1870 ላይ ሲደርሱ ግድግዳ ይገጥማቸዋል። የአንዱን ቤት እያንዳንዱን ልጅ የጻፈ እጅ የሌላውን እናት ሳይጽፍ አልፏል። ማን እንደሚጻፍና ማን እንደሚታለፍ የሚወስነው ብዕሩን የያዘው ሰው ነው።

ለእኛስ?

በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 2 ከምርኮ የተመለሱ አንዳንድ የካህናት ልጆች የትውልድ መዝገባቸውን ፈልገው እንዳጡና ከክህነት አገልግሎት እንደታገዱ እናነባለን። በእግዚአብሔር ፊት ሰው በዘሩ አይመዘንም። መዝገብ ሲጠፋ ግን ሰው ይጎዳል።

ስለዚህ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ። ስሙን፣ ቦታውን፣ ዓመቱን፣ የነገራችሁንም ሰው ጻፉ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ቢነግሯችሁ እንደ ሳሙኤል ዕድሜ ሁለቱንም ጻፉ። የእናትን ወገን አትርሱ። በአጥቢያችሁ ጽሕፈት ቤት የምታገለግሉ ደግሞ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቡን ስትሞሉ የድሃዋን ስም ከባለጸጋው ስም ጋር እኩል አጥርታችሁ ጻፉ። ጄሲ ሄድ የጻፈው እንደ ወትሮው ሥራው ነው፤ ከእነዚያ ሙሽሮች ማን እንደሚወለድ አያውቅም ነበር።