የዳገት ማርሽ ነውር የነበረችበት ዘመን

ከመካከላችን አንዱ ያገለገለ የእሽቅድድም ሳይክል ገዛ። ሻጩ «የፕሮፌሽናል ነው» ብሎታል፤ አልዋሸም። ከፊት ባለ 53 እና ባለ 39 ጥርስ ማርሾች፣ ከኋላ ደግሞ ከ12 እስከ 25 ጥርስ የሚደርሱ ማርሾች የተደረደሩበት ካሴት አለው። በመጀመሪያው እሁድ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ተነሣን። ሽሮ ሜዳን እንዳለፍን ወዳጃችን ወርዶ መግፋት ጀመረ። እኛም ወጉ ነውና ሳቅንበት። «አንተ እኮ ጉልበት የለህም» አልነው።

ማንበብ የጀመርነው በኋላ ነው። ለካስ ያ ሳቅ የእኛ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ባለቤት ያለው፣ በጋዜጣ የታተመ ሳቅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ካቴናና ካምቢዮ የሚሉትን ቃላት የወሰድነው ከጣልያን ቢሆንም ታሪኩ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። በ1870ዎቹ የነበረው ያ የፊት ጎማው ግዙፍ የሆነ ሳይክል ካቴና አልነበረውም። ፔዳሉ በቀጥታ ከጎማው ጋር ስለተያያዘ እግር አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል። መፍጠን የፈለገ ትልቅ ጎማ ይገዛል፤ የጎማውን ልክ ደግሞ የእግሩ ርዝመት ይወስንለታል። በእንግሊዝ ከተማ በኮቨንትሪ ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 «ሮቨር»ን ሲሠራ ግን ፔዳሉን ከኋላ ጎማ ጋር በካቴና አገናኘው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን የሚወስነው ማካፈል ሆነ፦ የፊቱ ጥርስ ቁጥር ለኋላው ሲካፈል። 39 ለ25 ሲካፈል 1.56 ይሆናል። ወዳጃችንን ከሳይክሉ ያወረደው ይህ ቁጥር ነው።

አንድ ቁጥር ለሜዳም ለዳገትም እንደማይበቃ አጥብቆ የተከራከረው በፈረንሳይ የሴንት ኤቲየን ከተማ የሐር ነጋዴ የነበረው ፖል ደ ቪቪ ነው። ሰዎች የሚያውቁት «ቬሎሲዮ» በሚለው የብዕር ስሙ ነው፤ «ለ ሲክሊስት» የተባለ መጽሔትም ያዘጋጅ ነበር። ከከተማው በላይ 1,161 ሜትር ላይ ያለ ኮል ደ ላ ሬፑብሊክ የሚባል በር አለ። እንደሚተረከው አንድ ቀን በ1889 ቬሎሲዮ ያን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ አንድ ወጣት ፒፓውን ከአፉ ሳያወጣ አልፎት ሄደ። እኛ ብንሆን ቤታችን ገብተን እንተኛ ነበር። እሱ ግን ማርሽ ወደ መመራመር ገባ። መጀመሪያ ላይ መፍትሔው ወርዶ ካቴናውን በእጅ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ማዛወር ነበር። በኋላ ሳይወርዱ የሚቀይሩበትን ካምቢዮ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰብክ ኖረ። የሚሰብከውም ለእሽቅድድም ሰው ሳይሆን እንደ ራሱ ሌሊቱን ሁሉ እየነዳ ሩቅ አገር ለሚሄድ ሰው ነው።

ተቃዋሚው ቀላል ሰው አልነበረም። ኦንሪ ዴግራንዥ የ«ሎቶ» ጋዜጣ አዘጋጅ፣ በ1903 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ፣ በወጣትነቱም በሳይክል የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው። በ1902 የፈረንሳይ የቱሪንግ ክለብ በፒሬኔ ተራሮች ላይ የሳይክል ፈተና ሲያዘጋጅ ማርት ኤስ የተባለች ሴት በባለ ሦስት ማርሽ ሳይክል 2,115 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱርማሌን እግሯ መሬት ሳይነካ ወጣች። ዴግራንዥ ይህን ሰምቶ የጻፈው ምንድን ነው? ማርሽ መቀያየር ዕድሜያቸው ከ45 በላይ ለሆኑ ሰዎች ነው፤ በጡንቻ ማሸነፍ በማሽን ከማሸነፍ ይበልጣል የሚል ነገር ነው። ሳቃችን የተወለደው እዚህ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛችንን ነገር ሳናነሣ አናልፍም። እኛ «ጉልበት» ስንል ኃይሉንም እግራችን የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው። ዴግራንዥ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ቬሎሲዮ የሚጨነቀው ለሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ከሄደ ደግሞ መጀመሪያው የት ይገኛል?

ለዴግራንዥም ፍርድ እንስጠው። የዚያ ዘመን ካምቢዮ ጭቃ ሲገባው ይነክሳል፤ ይሰበራልም። ግን ውሳኔው ዋጋ ነበረው። በ1910 ቱር ደ ፍራንስ ወደ ቱርማሌ ሲወጣ ተወዳዳሪዎቹ የዳገት ማርሽ የሚያስገቡበት ካምቢዮ አልነበራቸውም። የዚያን ዓመት አሸናፊ ኦክታቭ ላፒዝ እንኳ ከመንገዱ የተወሰነውን ሳይክሉን እየገፋ ነው የወጣው። ጉስታቭ ጋሪጉ ሳይወርድ በመውጣቱ ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ባለመውረድ መሸለም! ከዚያ በኋላም ለዓመታት የነበረው ዘዴ የኋላ ጎማው ላይ ግራና ቀኝ የተለያየ ጥርስ መግጠም ነው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ይወርዳሉ፤ ጎማውን ይፈታሉ፤ ገልብጠው ያስራሉ። ጫፍ ላይ እንደገና ይፈታሉ። ካምቢዮ በቱር ደ ፍራንስ የተፈቀደው ዴግራንዥ ኃላፊነቱን ለዣክ ጎዴ ካስረከበ በኋላ፣ በ1937 ነው። በዚያው ዓመት ሮዤ ላፔቢ በካምቢዮ አሸነፈ። ቬሎሲዮ ግን ይህን አላየም። በ1930 ሴንት ኤቲየን ውስጥ ሳይክሉን እየገፋ መንገድ ሲሻገር ትራም ገጭቶት ሞቶ ነበር።

ታዲያ ነውሩ አበቃ? አላበቃም፤ ብረት ውስጥ ገባ። የፊት ማርሽ ከፔዳሉ ክንድ ጋር የሚታሰረው በክብ በተደረደሩ ብሎኖች ነው። ክቡ ከሰፋ ትንሽ ማርሽ አይገጥምበትም። ካምፓኞሎ ለእሽቅድድም ሲያወጣው የኖረው የ144 ሚሊሜትር ክብ ከ41 ጥርስ በታች አይቀበልም። በኋላ የተለመደው የ130 ሚሊሜትሩ ከ38 በታች እምቢ ይላል። የወዳጃችን ሳይክል ይሄኛው ነው፤ ማለትም ትንሹን 39 በጣም ባነሰ ልቀይር ቢል ቦታ የለውም። በዚሁ ዘመን የፈረንሳይ ተጓዦች «ቴ.አ.» የተባለውን ኩባንያ ዕቃ ገዝተው እስከ 26 ጥርስ ድረስ ይገጥሙ ነበር። ሱቁ ግን የሚሰቅለው የሻምፒዮኑን ሳይክል ነው።

ለባለ እሽቅድድሞቹ የተፈቀደላቸው አንድ ሕመምተኛ ካሳያቸው በኋላ ይመስላል። ታይለር ሃሚልተን (በኋላ በዶፒንግ የተቀጣው) በ2003 ቱር ደ ፍራንስ የትከሻው አጥንት ተሰንጥቆ ሳለ ከተለመደው ባነሱ የፊት ማርሾች ነዳ፤ አንድ ቀንም አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ 110 ሚሊሜትር ክብ ያለው 50/34 በየሱቁ ገባ። ዛሬ 48/32 እና 46/30 የሚሉም አሉ።

እንግዲህ ረጅም መንገድ ለሚያስብ ሰው ሒሳቡ እንዲህ ነው። የተለመደው ጎማ አንዴ ሲዞር 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፔዳሉን በደቂቃ 60 ጊዜ ብናዞር በ39/25 የምንሄደው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው። በ34/34 ግን ከ8 በታች ነው። በአንድ ዳገት ላይ 12 ለመሄድ 8 ለመሄድ ከሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ኃይል ይጠይቃል፤ ያ ከሌለ ፔዳሉ እየዘገየ ይመጣና ጉልበት (ሁለተኛው) ይከፍላል። ትልቁን ማርሽ መቀነስስ ምን ያሳጣናል? 46/11 ፔዳሉን በደቂቃ 90 ጊዜ ለሚያዞር ሰው በሰዓት 47 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። 53/11 ደግሞ 55። ያቺ ልዩነት የምትገኘው ቁልቁለት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ እኛ ፍሬን ነው የምንይዘው። የምንከፍለው እውነተኛ ዋጋ ሌላ ነው፦ ከ11 እስከ 34 በተዘረጋ ካሴት ላይ ከአንዱ ጥርስ ወደ ቀጣዩ ያለው ዝላይ ይሰፋል፤ ሜዳ ላይ የሚመች ምት ማግኘት ትንሽ ያስቸግራል።

ስንመርጥም ማሰብ ያለብን ጠዋት ቁርስ በልቶ የተነሣውን ሰው አይደለም። በ1891 የተጀመረው ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ዛሬ በየአራት ዓመቱ የሚካሄድ የ1,200 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው፤ የመጨረሻው ገደብ 90 ሰዓት ነው። እዚያ ዳገቱን የሚወጣው እንቅልፍ ያጣው፣ ሦስተኛ ሌሊቱ ላይ ያለው ሰው ነው። ማርሹ የሚገዛው ለእሱ ነው።

ወዳጃችን የፔዳሉን ክንድ ከነማርሾቹ በ50/34 ለወጠ። ከኋላ 34 ሊያስገባ ፈልጎ ነበር፤ አጭሩ አሮጌ ካምቢዮ ግን ከ28 በላይ አልችልም አለ። አሁን በ34/28 ሽሮ ሜዳን አልፎ ጥቂት ይሄድና ይወርዳል። ረጅም እጅ ያለው ካምቢዮ የተረፋችሁ ካላችሁ ወዲህ በሉን።